የመምህሩ ማርክና የመጨረሻው ፈተና

(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



አንድ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ በእጁ ሁለት ወረቀት ይይዛል። አንደኛው መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ የሰጡት ማርክ ተደምሮና ተካፍሎ የተጻፈበት የትምህርት ቤቱ ካርድ ነው። ሁለተኛው መልኩን እንኳ የማያውቁ ፈታኞች በጥቂት ቀኖች ውስጥ በአንድ ዐይነት ጥያቄ መዝነው የሰጡት የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች የሚናገሩት ነገር አንድ ሲሆን ተማሪውም ወላጁም ተማምነው ያድራሉ። ሁለቱ ሲጣሉ ግን፣ ይኸውም ካርዱ «ጎበዝ ነው» ሲል ፈተናው «ገና ነው» ሲል፣ የሚጎዳው ተማሪው ብቻ አይደለም። የመምህሩም ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጋ ያጣል። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሁለቱ ወረቀቶች ጠብ ከምን እንደሚነሣ፣ በተማሪው ማርክና በትምህርቱ ፍጻሜ ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ ጠቡንም ለማብረድ የመምህሩ ድርሻ ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። የኢትዮጵያ ነገር በሚነገርበት ቦታ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የውጭ አገር ነገር በሚነገርበት ቦታ በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል።

፩. ማስመስከርና ማትሪክ

የመጨረሻ ፈተና ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ከዚያ በፊት እንደ ነበረ ያስታውሳል። ድጓን በየደብሩ መማር ይቻላል፤ ነገር ግን ሙሉ የድጓ መምህር ለመባል ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር ያስፈልጋል። ዝማሬ መዋሥዕትም በዙር አምባ፣ ቅዳሴም በደብረ ዓባይ ይመሰከራል። ልማዱ እንደሚያሳየው ተማሪው ወደ ምስክሩ ቤት የሚሄደው የራሱ መምህር ብቃቱን ካየለት በኋላ ነው። እንግዲህ የምስክሩ ቤት የመጀመሪያውን መምህር ቃል አይሽረውም፤ ያጸናዋል፣ ወይም ጉድለቱን ያሳየዋል። ዛሬ ትምህርቱን ለፈጸመ ሰው የሚሰጠው ወረቀት «የምስክር ወረቀት» መባሉ በአጋጣሚ አይደለም። ስሙ ራሱ የሚያስረዳው ፈተና ምስክር እንጂ ብቻውን የሚቀመጥ ዳኛ አለመሆኑን ነው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ዘመናዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይቀርቡ ነበር። ቈይቶም የኢትዮጵያ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ተተካ፤ ሕዝቡም «ማትሪክ» ብሎ ጠራው። በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። የፈተናው የወረቀት ስም «መልቀቂያ» ነው፤ ትርጉሙም ተማሪው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ፈጸመ ማለት ነው። ሕዝቡ የሰጠው ስም ግን በዩኒቨርሲቲ መመዝገብን ከሚያመለክት የባዕድ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ተማሪው ወደ ከፍተኛ ትምህርት ይገባል ማለት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ፣ «ትምህርቱን ፈጽሟልን?» እና «ዩኒቨርሲቲ ይግባን?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ይመለሱ ጀመር። ከዚህ መደባለቅ የተነሣው ችግር እስከ ዛሬ አልጠፋም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥርዓቱን በሁለት በር ከፈለው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በ10ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይፈተኑ ነበር፤ በዚያ ያለፉት ወደ መሰናዶ ትምህርት ገብተው በ12ኛ ክፍል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይፈተናሉ፣ የቀሩትም ወደ ሙያ ሥልጠናና ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚሻገረው በመምህራኑ ማርክ ብቻ ሆነ።

፪. አሃዞቹ የሚናገሩት

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመሰራጨቱ ተሰርዞ፣ በሰኔ መጨረሻ በአዲስ ጥያቄ እንደገና ተሰጠ። ኩረጃና የጥያቄ መውጣት የፈተናውን ምስክርነት እያጎደፈ መሄዱን በማየት፣ ትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎችን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ፈተናቸው። ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጽ፣ ውጤታቸው ከተያዘላቸው 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 27,267፣ ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 36,409፣ ከመቶ 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929፣ ከመቶ 8.4 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ስለዚህ አሃዝ ብዙ ተብሏል። ለመምህራን ግን ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስባቸው የሚገባው ከአሃዙ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ሳያገኙ የቀሩት 866,611 ተማሪዎች ሁሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገሩ በመምህር ፊርማ የጸና ማርክ ነበራቸው። ይልቁንም በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የነበሩት ተማሪዎች 10ኛ ክፍል የነበሩት በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የ10ኛ ክፍሉ ፈተና በቀረበት በመጀመሪያው ዓመት መሆኑ ነው። የመካከለኛው ምስክር ስለ ተነሣ፣ በካርዱና በፈተናው መካከል ያለው ልዩነት ለአራት ዓመት ሳይታይ ቈይቶ በአንድ ጊዜ ተገለጠ።

እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ የተነሣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በሰሜንም ጦርነት ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ የፊዚክስ ጥያቄ ሳይታወቅ የእንግሊዝኛም ጥያቄ ይሆናል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ትምህርት በጠመኔ ብቻ ይሰጣል። እነዚህን ምክንያቶች የሚክድ ሰው ፍርዱ የጐደለ ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቶቹ ሁሉ ፈተናው ሳይመጣ በክፍል ውስጥ የነበሩ ናቸው። ተማሪው አለማወቁን አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባው የመምህሩ ማርክ ነበር፤ ማርኩ ግን አልነገረውም።

፫. ፈተና ማርክን የሚለውጥበት መንገድ

የመጨረሻ ፈተና በተማሪው ውጤት ላይ የሚሠራው ኀይል በተሰጠው ድርሻ መጠን ይለያያል። ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ ተማሪ በክፍል 85፣ በመጨረሻው ፈተና 35 አገኘ እንበል። ሌላው በክፍልም በፈተናም 60 አገኘ። የፈተናው ድርሻ ከመቶ 20 ቢሆን የመጀመሪያው 75 ያገኛል፤ 30 ቢሆን 70፤ 70 ቢሆን 50፤ ፈተናው ብቻውን ቢቈጠር 35 ብቻ ይቀርለታል። ሁለተኛው ግን በየትኛውም ስሌት 60 ነው። እንግዲህ በአንደኛው ሕግ የመጀመሪያው ተማሪ ይበልጣል፣ በሌላው ሕግ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት የፈተናው ድርሻ ግማሽ ሲሆን ነው። የሁለቱ ልጆች ዕውቀት አንድም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ድርሻው ነው። ስለዚህ ድርሻውን መወሰን የጸሐፊ ቤት ሥራ ሳይሆን ማን ይመረቅ፣ ማን ይቅር ብሎ መፍረድ ነው። ፍርድም ከሆነ ተማሪው ዓመቱ ሳይጀመር ሊያውቀው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ የተሰወረ ነው፤ ለመምህራንም ከሁሉ የሚጠቅም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ መምህሩ ለሁሉም ከ80 እስከ 90 ሰጠ እንበል። በፈተናው ግን እነዚያው ተማሪዎች ከ20 እስከ 70 አገኙ። በወረቀት ላይ የመምህሩ ድርሻ ከመቶ 70፣ የፈተናው 30 ነው። ሆኖም በመምህሩ ማርክ በትልቁና በትንሹ ተማሪ መካከል ያለው ልዩነት 10 ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ፣ በ70 ድርሻ ሲሰላ 7 ነጥብ ይሆናል። በፈተናው ያለው ልዩነት 50 ነጥብ ስለ ሆነ፣ በ30 ድርሻ ሲሰላ 15 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ከመቶ 30 ብቻ የተሰጠው ፈተና የተማሪዎቹን ደረጃ በመወሰን ረገድ የመምህሩን እጥፍ ያህል ኀይል አገኘ። መምህሩ ግን ያንኑ ክፍል በትክክል መዝኖ ከ45 እስከ 90 ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የእርሱ 31.5 ነጥብ፣ የፈተናው 15 ነጥብ ይሆን ነበር፤ ቃሉም ከፈተናው ቃል በላይ በተሰማ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለሁሉ ከፍ ያለ ማርክ የሚሰጥ መምህር ተማሪዎቹን የጠቀመ ይመስለዋል እንጂ፣ በእውነቱ የራሱን ሥልጣን ለፈታኙ አስረክቧል። ሮስተሩ ላይ ሁሉም 85 ከሆነ፣ ለትጉሁም ለሰነፉም አንድ ነገር ተናግሯል ማለት ነው፤ ለሁሉም አንድ ነገር የሚናገር ምስክር ደግሞ ምንም አልመሰከረም። በዚህ ጊዜ አገር የሚሰማው ቃል የፈተናው ብቻ ይሆናል። መምህራን «ዓመት ሙሉ ያየነው ልጅ በአንድ ሳምንት እንዴት ይፈረድበታል?» ብለው ማዘናቸው እውነት አለበት፤ ነገር ግን ያ ኀዘን የሚሰማው ዓመት ሙሉ ያዩትን በማርክ ለይተው የጻፉት እንደ ሆነ ነው።

መምህሩ ወደዚህ የሚገፋበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። ብዙ ተማሪ ከጣለ የትምህርት ቤቱ አለቃ ይጠይቀዋል፤ ወላጅ ይመጣበታል፤ ጽሕፈት ቤቱም ተከታታይ ምዘናውን ድገም ይለዋል። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ቦታ የእያንዳንዱን ጥራዝ አንብቦ ማረም ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ ነው። ስለዚህ የቡድን ሥራ እየተባለ ለሁሉ እኩል ነጥብ ይታደላል። ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ ያልሆነውም ስለዚህ ነው። ለመምህሩ እውነተኛ ማርክ የመስጠት ነጻነት የማይሰጥ ሹም፣ በዓመቱ መጨረሻ የፈተናውን ውጤት አይቶ ሊደነግጥ አይገባውም።

ፈተናው ብቻውን ሲነግሥ ደግሞ የማስተማሩ ሥራ ራሱ ይለወጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምርጫ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ድርሰት መጻፍ፣ ቆሞ መናገር፣ በቤተ ሙከራ መሥራት ነጥብ የላቸውም። ነጥብ የሌለው ነገር ጊዜ አያገኝም። ክፍለ ጊዜው በያለፈው ዓመት ጥያቄና በሞዴል ፈተና ይሞላል። ተማሪውም የክፍሉን ሥራ ለካርዱ፣ ጥያቄ መለማመዱን ለሕይወቱ ብሎ ይከፍለዋል፤ ወደ ክፍልም ልቡን ሳያስከትል ይገባል።

፬. ሌሎች አገሮች የሞከሩት

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር በየትምህርቱ መጨረሻ የሚሰጠውን የጋራ ፈተና ከመምህሩ ማርክ ጋር ያዋሕዱታል። በፍሎሪዳ የዚህ ፈተና ድርሻ ከትምህርቱ ማርክ ከመቶ 30 ነው፤ በሰሜን ካሮላይና ከመቶ 20 አያንስም። ፍሎሪዳ ከዚህ ጋር የመጀመሪያውን የአልጀብራ ፈተና ማለፍን ለምረቃ ግዴታ አድርጋለች። ማሳቹሴትስ ደግሞ በኅዳር 2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የክፍለ ሀገሩን ፈተና ማለፍ ለምረቃ ግዴታ መሆኑን አስቀርቷል፤ ፈተናው ራሱ ግን አልቀረም። እንግዲህ አንዱ ለፈተናው በር ጠባቂነትን ሰጠው፣ ሌላው ምስክርነቱን ብቻ ተወለት።

ከኢትዮጵያ ጋር በሚዋሰነው በኬንያ የታየው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና በ2015 ከፍተኛውን ማርክ ያገኙ ተማሪዎች ከ2,600 በላይ ነበሩ። በ2016 በፈተናው አጠባበቅ ላይ ጥብቅ ቍጥጥር በተደረገበት ዓመት ቍጥራቸው ወደ 141 ወረደ። ይህ የሚያስረዳው የአገር አቀፍ ፈተናም ቢሆን ጠባቂ ካጣ እንደ መምህሩ ማርክ ሊያብጥ መቻሉን ነው። ኬንያ በአዲሱ የትምህርት ሥርዓቷ ውስጥ ኀይሉን ለአንድ ፈተና ብቻ መስጠትን ትታለች። ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ወደ ከፍተኛው ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር የ9ኛው ክፍል ፈተና ከመቶ 60፣ በ6ኛ ክፍል የተፈተነው ከመቶ 20፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በትምህርት ቤቱ የተመዘነው ከመቶ 20 ይይዝለታል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በዚህ ሥርዓት የተፈተኑት በ2025 ነው።

በኢትዮጵያም ለዚህ ጅምር አለ። ግማሹን ካላገኙት ውስጥ ተሻለ ውጤት ላላቸው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ሲሰጥ፣ ከመቶ 30 የሚሆነው በተቋሙ መምህራን፣ 70 የሚሆነው ከማእከል በሚዘጋጅ ፈተና እንዲመዘን ተደርጓል። ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ ማለት ነው። በማካካሻው የተቻለ ነገር በ12ኛ ክፍል የማይቻልበት ምክንያት መመርመር ይገባዋል።

፭. ምን ይደረግ?

«ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። የዚህም ጉዳይ መድኃኒት ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን ማሰናበት ሳይሆን፣ ሁለቱን አስማምቶ ማቆም ነው። ለዚህም ከመምህራንና ከሹማምንት አራት ነገር ይጠበቃል።

አንደኛ፣ የየትምህርት ቤቱ የክፍል ማርክ አማካይና የፈተና ውጤቱ አማካይ በየዓመቱ ጎን ለጎን ተጽፎ ለመምህራኑ ይቅረብ። ልዩነቱ የሰፋበት ትምህርት ቤት ለቅጣት ሳይሆን ለምክር ይጠራ። ልዩነቱ በእንግሊዝኛ ምክንያት ከሆነ፣ በማርክ መታደል ከሆነ፣ ወይም ትምህርቱ ተሸፍኖ ባለማለቁ ከሆነ፣ ለይቶ የሚያውቀው በቦታው ያለው መምህር ነው።

ሁለተኛ፣ የአንድ ትምህርት መምህራን ጥያቄያቸውን በጋራ ያውጡ፤ የጥቂት ተማሪዎችንም ወረቀት ተለዋውጠው ይረሙ። በአንደኛው ክፍል 85 የተባለው ልጅ በሌላው መምህር ብዕር 55 ከሆነ፣ ይህን በጥር ማወቅ በሐምሌ ከማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ፈተናውና የክፍሉ ማርክ በተወሰነ ድርሻ ይዋሐዱ፤ ድርሻውም አስቀድሞ ይታወቅ። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሁለተኛው ነገር ከተፈጸመ በኋላ መሆን አለበት። ያልታረመ ማርክ ከፈተና ጋር ቢደመር ሐሰትን በእውነት ላይ ማፍሰስ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ታማኝ የሆነው መምህር ተማሪዎች ማርክ በሚያድለው መምህር ተማሪዎች ተበልጠው ይቀራሉ።

አራተኛ፣ ትምህርትን መፈጸምና ዩኒቨርሲቲ መግባት በሁለት ወረቀት ይለዩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በፈተናው 42 ያመጣ ወጣት ለዩኒቨርሲቲ አልበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ማንበብ፣ ማስላት፣ መጻፍ የሚችል፣ ለሙያና ለንግድ፣ ለእርሻና ለጽሕፈት ቤት የሚጠቅም ሰው ነው። በመንደሩ ግን «ወደቀ» ብቻ ይባላል። ምን እንደ ቻለና ምን እንደ ጐደለው በየትምህርቱ ለይቶ የሚመሰክርለት ወረቀት ቢኖረው፣ ቀጣሪውም የሙያ ትምህርት ቤቱም ባነበቡት ነበር።

የዚህ ሁሉ መነሻ ግን በመምህሩ እጅ ያለው ብዕር ነው። ሚኒስቴሩ ሕግ ሊያወጣ፣ ዩኒቨርሲቲውም የመፈተኛ አዳራሽ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ አንድን ልጅ ዓመቱን ሙሉ አይቶ መመስከር የሚችለው ግን መምህሩ ብቻ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ 40 የሚገባውን ተማሪ 40 ብሎ፣ በጎኑም ምን ቢያጠና እንደሚሻሻል ጽፎ የሚሰጥ መምህር፣ ያንን ልጅ ከሐምሌው ድንጋጤ ከስድስት ወር በፊት አድኖታል። እንዲህ ያለ ማርክ በየክፍሉ ሲበዛ የመጨረሻው ፈተና አስፈሪነቱን ትቶ ወደ ጥንት ስሙ፣ ወደ ምስክርነቱ ይመለሳል።